ጅማ ውስጥ ያሠራኋቸው የገናና የኸርሊንግ ዱላዎች፦ ከአንድ የጨዋታ ወቅት በኋላ

በ2017 ዓ.ም. ለገና ጨዋታ እንዲደርሱልኝ ብዬ ጅማ መርካቶ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ዐሥር ዱላዎች አሠርቼ ነበር። ስድስቱ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቃቸው፣ ጫፋቸው ቆልመም ያለ የገና ዱላዎች ናቸው። የቀሩት አራቱ ግን በአየርላንድ ኸርሊንግ ለሚባለው ጨዋታ የሚያገለግሉ፣ ጫፋቸው እንደ ትልቅ ጭልፋ ሰፋና ጠፍጠፍ ብሎ የተሠራ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ድረስ ስለተጫወቱባቸው፣ የትኛው እንደጸና፣ የትኛው እንደተሰነጠቀ፣ የተከፈለውም ገንዘብ የሚያስቆጭ መሆን አለመሆኑን አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

በቅድሚያ የኸርሊንግ ዱላ ጅማ ድረስ እንዴት እንደመጣ ላስረዳ። የአክስቴ ልጅ ከዐሥር ዓመት በላይ የኖረው በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ በምትገኘው በዋተርፎርድ ከተማ ነው። ቤቱ ባሊገነር ከሚባለው አጥቢያ ስለማይርቅ የዚያ አጥቢያ ክለብ ደጋፊ ሆኖ ቀርቷል፤ በስልክ ስናወራም ጤናና ቤተሰብ ከተጠያየቅን በኋላ ጨዋታችን ወደ ኸርሊንግ ማምራቱ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የላከልኝን ቪዲዮ ስመለከት እናቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና «ይሄማ ገና አይደል እንዴ?» አለች። እውነቷን ነበር። ዱላ አለ፤ ትንሽና ጠንካራ ኳስ አለች፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ወጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ይጋፋሉ፣ ይመታሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ቂሌ የሚሉት ጨዋታም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአክስቴ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ሲመጣ አንድ እውነተኛ የኸርሊንግ ዱላና ሁለት ኳሶች ይዞልኝ መጣ፤ አናጢው ዘንድ ይዤ የሄድኩትም ይህንኑ ዱላ ነው።

የሁለቱ ጨዋታዎች ልዩነት በዱላው ቅርጽ ላይ ስለሚታይ በአጭሩ ልጥቀሰው። በገና ሩሯ፣ ማለትም ኳሷ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ለመሬት ትነዳለች፤ ስለዚህ ዱላው ቀጭን ሆኖ ጫፉ ቢቆለመም ይበቃዋል። በኸርሊንግ ግን ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ናት፤ ተጫዋቹ ኳሷን በእጁ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ ስለማይፈቀድለት ዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ሚዛኗን እየጠበቀ ይሮጣል፤ በዚህም ምክንያት የዱላው ጫፍ ሰፊ መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷ ከግቡ አግዳሚ በታች ከገባች ጎል ትባልና 3 ነጥብ ታስገኛለች፤ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈች ግን የምታስገኘው 1 ነጥብ ነው።

እኔን ከጨዋታው ይበልጥ የማረከኝ የክለቦቹ ውድድር ታሪክ ነው። ኸርሊንግን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1884 ተርለስ በምትባል ከተማ ሲመሠረት ክለቦቹ የተደራጁት በአጥቢያ ነበር፤ እስከ ዛሬም አንድ ሰው የሚሰለፈው በመሠረቱ ላደገበት አጥቢያ ነው፤ ስለ ተጫወተም ደመወዝ አይከፈለውም። በየአውራጃው የሚያሸንፈው ክለብ ወደ ክፍለ ሀገሩ ውድድር ያልፋል። በደቡብ የሚገኘው የመንስተር ክፍለ ሀገር ኮርክ፣ ሊምሪክ፣ ቲፐራሪ፣ ክሌር፣ ዋተርፎርድና ኬሪ የሚባሉ ስድስት አውራጃዎችን የያዘ ሲሆን፣ የክለቦች ሻምፒዮናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። መላውን አየርላንድ የሚያዳርሰው የክለቦች ሻምፒዮና የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1970-71 የውድድር ዘመን ሲሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው የቲፐራሪው ሮስክሬ ነበር። በዚያው በ1970ዎቹ የኮርኩ ብላክሮክ በመንስተር ገናና ሆኖ በ1972፣ በ1974 እና በ1979 መላውን አየርላንድ አሸነፈ።

የባሊገነር ታሪክ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ የመንስተር ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ሁለተኛውን ዋንጫ እስኪያገኝ 17 ዓመት ጠበቀ። በ2015 ለፍጻሜ ደርሶ በሊምሪኩ ና ፒርሲ ተሸነፈ፤ በ2017 እንደገና ደርሶ እንደገና በዚያው ክለብ ተሸነፈ፤ በ2018 ግን ለሦስተኛ ጊዜ ፍጻሜ ላይ ተገናኝተው አሸነፈው። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2022 ደብሊን በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ለመላው አየርላንድ ዋንጫ የገጠመው ባሊሄል ሻምሮክስን ነበር፤ ከኪልኬኒ አውራጃ የመጣው ይህ ክለብ ከማንም በላይ ብዙ ጊዜ ዋንጫውን ያነሣ ነው። መደበኛው ሰዓት አልቆ ባሊገነር በሁለት ነጥብ እየተመራ ሳለ ሃሪ ራድል የሚባለው ተጫዋች በጭማሪው ሰዓት መጨረሻ ጎል አስቆጠረ፤ ጎል ሦስት ነጥብ ስለሆነ ጨዋታው በአንድ ነጥብ ልዩነት ተጠናቀቀ፤ ለዋተርፎርድ አውራጃም በክለቦች ደረጃ የመጀመሪያው የመላው አየርላንድ ዋንጫ ሆነ። በዚያች ቀን የአክስቴ ልጅ ደውሎልኝ ለረጅም ጊዜ መናገር አቅቶት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ትንሽ አጥቢያ በየትኛው ዓመት በማን እንደተሸነፈ፣ በየትኛው ዓመት እንደካሰ በቃሉ ያውቀዋል፤ ተጽፎም ይገኛል። እኛ ዘንድ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ከአባቶቻችን ጀምሮ በገና ቀን ሲጋጠሙ ኖረዋል፤ ነገር ግን በ1985 ዓ.ም. ማን አሸነፈ ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው የለም። በጨዋታ ዘመናቸው የታወቁ አንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ጠይቄያቸው «እኛማ ሁልጊዜ እናሸንፍ ነበር ልጄ» አሉኝ፤ ከታች ሰፈር የሚኖሩት እኩያቸውም ይህንኑ ቃል በቃል ነገሩኝ። ስለዚህ ዱላዎቹን ሳሠራ ሐሳቤ ለበዓል ቀን የሚሆን መጫወቻ ማግኘት ብቻ አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚወጡ፣ ለተከታዩ ልጅ የሚተላለፉ፣ የሰፈሩ ንብረት የሆኑ ዱላዎች እንዲኖሩን ነበር።

የእንጨት ሥራ ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የጅማ ሥራ ቤቶች በዋናነት የሚያመርተው ባለ ሦስት እግር በርጩማና ወንበር ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ምስማርም ሙጫም የማይነካው ዕቃ በመሆኑ፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የእንጨትን ጠባይ ያውቃል ብዬ ነው የመረጥኩት። ባለሙያው በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ኦቦ፣ ይህን የመሰለ አራት ይሠሩልኛል?» ብዬ የአየርላንዱን ዱላ ስሰጣቸው፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት በሩ ላይ ወጥተው በፀሐይ ብርሃን አገላብጠው ተመለከቱት፤ በጥፍራቸው አንኳኩት፤ በሰፊው ጫፍ ዙሪያ የታሰረውን ስስ ብረት በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም «ቀላል ነው፤ ግን ይለምጣል» አሉ፤ የፈለጉት እንጨቱ ክብደት የሌለው ሆኖ ሳይሰበር የሚተጣጠፍ መሆኑን መግለጽ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ሁለት ሰፊ ዱላዎችን ከዋንዛ ጣውላ በመጋዝ ቆርጠው፣ በመላጊያና በሞረድ አስተካክለው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አስረከቡኝ። ሲታዩ ከዋናው የማይለዩ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ግን አንደኛው ገና አምስተኛ ምት ላይ፣ ልክ መታጠፊያው ጋ፣ እንደ ደረቅ የጤፍ አገዳ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛውም በዚያው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ስብርባሪውን ይዤ ስመለስ ባለሙያው አልተቆጡም፤ ሰበብም አላቀረቡም፤ የተሰበረውን ከአየርላንዱ ዱላ ጎን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ሲያስተያዩ ቆዩና ጣታቸውን በእንጨቱ ውስጥ በሚታዩት መስመሮች ላይ አስኬዱ። በዋናው ዱላ ላይ መስመሮቹ ከእጀታው ተነሥተው ወደ መታጠፊያው ሲደርሱ ራሳቸውም አብረው ይታጠፋሉ፤ በእኛው ላይ ግን መስመሮቹ ቀጥ ብለው መጥተው ዱላው ሲታጠፍ ጠርዙ ላይ ተቋርጠው ይቀራሉ። የተሰበረውም መስመሮቹ በተቋረጡበት ቦታ ነው።

በኋላ የአክስቴ ልጅ እንዳስረዳኝ፣ አየርላንዶች ዱላቸውን የሚሠሩት አሽ ከሚባለው ዛፍ ሆኖ ከዛፉም የሚመርጡት ግንዱ ወደ ሥር ሲወርድ ሰፋ ብሎ የሚታጠፍበትን የታችኛውን ክፍል ነው፤ ምክንያቱም እንጨቱ ተፈጥሮ ራሷ ያጠፈችው ስለሆነ አይከፈትም። ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ በታየ የሻጋታ በሽታ ክፉኛ እየተጠቃ በመሆኑ እነርሱም ዛሬ የእንጨት ችግር አለባቸው፤ ከሌላ ነገር የተሠሩ ዱላዎችንም መጠቀም ጀምረዋል። የእኛው ባለሙያ ግን ይህን ሁሉ ሳልነግራቸው በፊት ከተሰበረው እንጨት አንብበውት ነበር። «የሚታጠፍ ዱላ ከታጠፈ እንጨት ነው የሚወጣው፤ የገና ዱላም እኮ እንዲሁ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛው ዙር ፍጹም የተለየ ሆነ። ከበርጩማ ሥራ ተርፎ ከተጠራቀመው ቁርጥራጭ መካከል ቅርንጫፍ ከግንድ የሚለይበትን የዋንዛ ክፍል እየለዩ አወጡና በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ በመጥረቢያ መስመሩን ተከትለው ፈለጡት፤ ከዚያም ቅርጹን አወጡለት። እንጨቱ ትርፍራፊ መሆኑ ለእኔ ተጨማሪ ደስታ ነበር፤ ዋንዛ በጅማ የቡና ጥላ ሆኖ የኖረ አገር በቀል ዛፍ ነውና ለመጫወቻ ሲባል አዲስ ዛፍ እንዲቆረጥ አልፈለግሁም። ስድስቱን የገና ዱላዎች ደግሞ የወይራ ቅርንጫፎች በተፈጥሮ ከቆለመሙበት ቦታ ላይ አወጧቸው፤ ቁልምሙ ያነሰባቸውን ሁለቱን በእሳት አሙቀው፣ በገመድ አስረው ለሦስት ቀን አቆዩአቸው።

ከስድስት ወር ጨዋታ በኋላ ያለውን ሁኔታ ልናገር። የወይራዎቹ የገና ዱላዎች እንደ ተሠሩ ናቸው፤ አንዳቸውም አልተሰነጠቁም፤ የሚታይባቸው ነገር ቢኖር በእጅ ላብ ምክንያት እጀታቸው ጠቆር ማለቱ ብቻ ነው። ክብደታቸው ግን ለታዳጊዎች ይበዛል፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወይራን አልመክርም። የዋንዛዎቹ ሰፊ ዱላዎች ቀላልና ለእጅ ምቹ ናቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ዋንዛ ለስላሳ እንጨት በመሆኑ ግን ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ሁሉ ጎድጎድ ብሏል፤ ባለሙያው በጫፉ ዙሪያ በትናንሽ ምስማሮች የመቱለት የላሜራ ማሰሪያ ባይኖር ኖሮ ጠርዙ ቀድሞ በተበላ ነበር። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከሁለቱ ዱላዎች ላይ ምስማር ተነቅሎ ወጥቶ አንድ ልጅ መዳፉን ቧጨረው። ላሜራው በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ ከዚህ በኋላ ለሚሠሩት ደግሞ የምስማሩን ጫፍ ወደ ውስጥ መቀልበስ እንዳለባቸው ነግሬአቸው ተቀብለውኛል።

አራተኛው ሰፊ ዱላ የተበላሸው በመሰበር ሳይሆን በመጣመም ነው። እንጨቱ በሚገባ ሳይደርቅ ስለተሠራ፣ የበልጉ ዝናብ ሲጀምርና የጅማ አየር እርጥበት ሲያዝል ቀስ በቀስ ተጣሞ እንደ ጠመዝማዛ ቅጠል ሆነ። ይህ የባለሙያው ስሕተት ነው፤ እርሳቸውም አላስተባበሉም። የስሕተቱ ምንጭ መቸኮል ነበር፤ ለመቸኮሉም ምክንያቱ መዘግየቱ ነው። በሁለት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ፤ በመካከሉም ሦስት ጊዜ ተመላልሼ «ነገ» ተብያለሁ። ስልክ የሚያነሡት ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለስግደት ስለሚሄዱ ቤቱ ይዘጋል፤ ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓርብ በከንቱ ሄጃለሁ። ከመርካቶ ወዲያ ማዶ የሚኖር ሰው አስቀድሞ ቢደውል ይሻለዋል።

ኳሶቹን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። የአየርላንዱ ኳስ ውስጡ ቡሽ፣ ላዩ ቆዳ ሆኖ ከ110 እስከ 120 ግራም ይመዝናል፤ የቆዳው ስፌት ጎላ ብሎ የወጣ ስለሆነ ለመያዝ ይመቻል። አንድ የጫማ ሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ በቆዳ ሰፍቶልኝ ነበር፤ በደረቅ ቀን ጥሩ ናት፤ ሣሩ ሲረጥብ ግን ውሃ ጠጥታ እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። ለገናው ጨዋታ ከእንጨት ሥር የተሠራችው ሩር ትሻላለች።

ዋጋውን በሚመለከት ለአንድ የወይራ የገና ዱላ 500 ብር፣ ለአንድ ሰፊ ዱላ ደግሞ ላሜራውን ጨምሮ 850 ብር ከፍያለሁ። መጀመሪያ ለተሰበሩት ሁለቱ አላስከፈሉኝም፤ ለተጣመመው ግን ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ነበርና በምትኩ ሌላ ሊሠሩልኝ ቃል ገብተዋል። ለገና በዓል ጫካ ሄዶ ቅርንጫፍ ቆርጦ መምጣት ለለመደ ልጅ 500 ብር ውድ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የሰውየውን እጅ ስላየሁ ውድ አልለውም፤ በየዓመቱ ተቆርጦ በበዓሉ ማግሥት ከሚጣለው ዱላ ይልቅ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዓመታት የሚያገለግለው ይሻላል።

የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ዱላዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ወጡ። ጠዋት ከቅዳሴ የተመለሰውም፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ ቡና ያፈሉት እናቶችም ሜዳው ዳር ተሰብስበው ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብሂል እንዳለ ሆኖ፣ የሰፈራችን ታዋቂ ሐኪም በአንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተገፍተው ሣሩ ላይ ሲቀመጡ ሁሉም ሳቀ፤ እርሳቸውም ተነሥተው መሮጣቸውን ቀጠሉ። ላይ ሰፈር ሦስት ለሁለት አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በሰፊዎቹ ዱላዎች የኸርሊንጉን አጨዋወት ሞከርን፤ ልጆቹ ኳሷን ዱላው ላይ አስቀምጦ መሮጥን የለመዱት እኔ ከጠበቅሁት በላይ ፈጥነው ነው።

ባሊገነር የመንስተርን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ2022 እና በ2023 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካነሣ በኋላ በ2024 ፍጻሜ በኮርኩ ሳርስፊልድስ ተሸነፈ። ይህን የሰማሁት በኅዳር ወር፣ የእኛ ዱላዎች ገና አልደረሱም እየተባልኩ በምመላለስበት ሰሞን ነበር፤ የአክስቴ ልጅም አዝኖ ሳለ «ግድ የለም፣ ይመዘገባል» አለኝ። በማግሥቱ ወደ ሥራ ቤቱ ስሄድ ባለሙያውን ያልተነጋገርንበት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ በእያንዳንዱ ዱላ እጀታ ላይ የሰፈሩን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በጋለ ብረት እንዲተኩሱልኝ። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም። ጽሕፈቱ ትንሽ ያዘነበለ ቢሆንም በደንብ ይነበባል፤ በወይራው ላይ ጥቁር፣ በዋንዛው ላይ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። ከጨዋታው በኋላ ያሸነፈው ሰፈርና ውጤቱ በአንደኛው ዱላ ላይ ተጨምሮ ተተኮሰ።

እዚያ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ለገና የሚሆነውን ቢዘገይ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲያዝ፣ እንጨቱ መድረቁን በዓይኑ እንዲያይ፣ ሰፊውን ዱላ ሲረከብም መስመሮቹ ከመታጠፊያው ጋር አብረው መታጠፋቸውን በጣቱ ዳስሶ እንዲያረጋግጥ ነው። እኔ ለ2018 ዓ.ም. ገና ስምንት ተጨማሪ ዱላዎች ያዘዝኩት በሰኔ ወር ነው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ቅርንጫፎቹ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር በገመድ ተንጠልጥለው አየኋቸው፤ በእያንዳንዳቸው ቅርፊት ላይ ባለሙያው በከሰል «ላይ»፣ «ታች» ብለው ጽፈውባቸዋል።